ኤርታ አሌን ለማየት ላሰባችሁ

በአፋር በረሃ ወዳለው እሳተ ገሞራ፣ ወደ ኤርታ አሌ፣ ሄዳችሁ እሳቱን ላታዩ ትችላላችሁ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ገንዘቡን አጠራቅሞ ያን ሁሉ በረሃ ካቋረጠ በኋላ ጢስ ብቻ አይቶ ተናዶ የሚመለስ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው። እኔ ሁለቱም ደርሶኛል። ከጦርነቱ በፊት በመቀሌ በኩል ስሄድ የቀለጠው አለት ከፊቴ ሲንተከተክ አድሬያለሁ። ከጦርነቱ በኋላ በሰመራ በኩል ስሄድ ደግሞ ከጉድጓዱ የሚወጣው ነጭ ጢስ ብቻ ነበር። ያም ሆኖ በዚያኛው ጉዞ አልተቆጨሁም። ምክንያቱን እየቆየሁ እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ተራራው። ኤርታ አሌ ከሩቅ ሲያዩት ተራራ አይመስልም። ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ 613 ሜትር ብቻ ነው። ከደጋ ለሄደ ሰው ጉብታ ነው። ነገር ግን በጣም ሰፊ ነው። ከውስጡ የሚወጣው ላቫ፣ ማለትም የቀለጠው አለት፣ ቀጭንና ፈሳሽ ስለሆነ ወደ ላይ አይቆለልም፤ ወደ ጎን እየተዘረጋ ይሄዳል። ስለዚህ ተራራውን የምትወጡት ሳይታወቃችሁ ነው። አናቱ ላይ ትልቅ ገደላማ ጎድጓዳ ሜዳ አለ፤ እሳቱ ያለባቸው ጉድጓዶች በዚያ ውስጥ ናቸው። ለአሥርተ ዓመታት የላቫ ሐይቅ ሳይጠፋ የታየበት ቦታ ነው። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ቦታ ከጣት ቁጥር አያልፍም።

ሐይቁ ግን እንደ ጣና ባለበት አይቀመጥም። በጥር 2009 ዓ.ም. ሞልቶ ፈሰሰ፤ ወዲያው በደቡብ ምሥራቅ በኩል መሬቱ ተሰነጠቀና ላቫው በዚያ ወጣ፤ ሐይቁም ወደ ታች ሰመጠ። ከዚያ በኋላ አንዳንዴ ይታያል፣ አንዳንዴ በጢስ ይሸፈናል፣ አንዳንዴም ላዩ ጠጥሮ ይዘጋል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. እንደገና በኃይል ፈነዳ። ስለዚህ አንድ ሰው አምና የለጠፈውን ቪዲዮ አይታችሁ ዘንድሮ ያንኑ እናያለን ብላችሁ አትነሡ። ጉዞ የሚያዘጋጅ ሰው «እሳቱን ታያላችሁ፣ ቃሌ ነው» ካላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ። የዚህን ቃል መስጠት የሚችል የለም።

ለምን እዚያ? አፋር ሦስት የመሬት ቅርፊቶች የሚለያዩበት ቦታ ነው። አንዱ ወደ ዓረቢያ ይሄዳል፣ አንዱ ወደ ሶማሊያ፣ ሌላው ደግሞ ከቀሪው አፍሪካ ጋር ይቀራል። ብዙውን ጊዜ የሚንቀሳቀሱት በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር፣ ቢበዛ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አንዳንዴ ግን የዘመናት ጉዞ በአንድ ጊዜ ይሆናል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት በሳምንታት ውስጥ ተከፍቷል፤ በአንዳንድ ቦታ ስፋቱ እስከ 8 ሜትር ደርሷል። ይህን አውቆ በዚያ ምድር ላይ የሚራመድ ሰው እግሩን የሚያሳርፈው በሌላ ልብ ነው።

አሁን ወደ ጉዞው። ድሮ የሚሄደው በመቀሌ ነበር። በበራህሌ ቁልቁል ወርዶ፣ ሐመድ ኢላ አድሮ፣ የዳሎልን ቢጫና አረንጓዴ ምድር አይቶ፣ የጨው ሜዳውን አይቶ፣ ከዚያ ወደ ኤርታ አሌ ይታጠፋል። ዛሬ አብዛኛው ሰው በሰመራ ነው የሚገባው። ከአዲስ አበባ እስከ ሰመራ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በመኪና ማለዳ ብትነሡም የምትደርሱት ሲመሽ ነው። አውሮፕላንም አለ። በመኪና ከሄዳችሁ መተሐራ አካባቢ መንገዱ ዳር ያለውን ጥቁር ድንጋይ ልብ ብላችሁ እዩት፤ የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ላቫ ነው። ከሰመራ ወደ ሰርዶ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ታጥፎ እስከ አፍዴራ አስፋልት ነው። ጨው የጫኑ ከባድ መኪናዎች ይበዙበታል፤ በሌሊት አትንዱ።

ከአፍዴራ በኋላ አሸዋና የላቫ ድንጋይ ነው። እዚያ ብቻውን የሚገባ መኪና ሞኝ ነው። ቢያንስ ሁለት መኪና ያስፈልጋል። ትርፍ ጎማ ሁለት፣ አካፋ፣ ከአሸዋ የሚያወጣ ብረት ወይም ጣውላ፣ ነዳጅ ከሰመራ ሙሉ ከነጀሪካኑ። ሾፌሩ በረሃውን የሚያውቅ መሆኑን ጠይቁ። የአዲስ አበባ ጎበዝ ሾፌርና የአፋር ጎበዝ ሾፌር አይገናኙም። አሸዋ ላይ የጎማ ነፋስ ይቀነሳል፣ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ እንደገና ይሞላል። ይህን የማያውቅ ሰው ግማሽ ቀን ያስቆፍራችኋል።

ፈቃድና ጠባቂ ግዴታ ነው፤ ለመዝለል አትሞክሩ። በጥር 2004 ዓ.ም. እዚያው ተራራው አናት ላይ አምስት የውጭ አገር ጎብኚዎች ተገድለዋል። ከዚያ ወዲህ ያለ ታጣቂ ማንም አይወጣም። ክፍያው በየቦታው ይለያያል፤ የአካባቢው ማኅበረሰብ፣ መንገድ መሪው፣ ጠባቂዎቹ፣ ግመል ያላቸው ሰዎች ሁሉም ድርሻ አላቸው። ጉዞ የሚያዘጋጅላችሁ ሰው የትኛውን እንደከፈለና የትኛው እንደቀረ ከመነሳታችሁ በፊት በግልጽ ይንገራችሁ። እዚያ ደርሶ መጨቃጨቅ ለእናንተም ለእነሱም አያምርም።

ከጦርነቱ በፊት በሄድኩበት ጊዜ መኪናው ከተራራው ሥር ዶዶም የሚባል ቦታ ላይ ይቆም ነበር። ከዚያ 10 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ነው። የሚኬደው በሌሊት ነው፤ ቀን ጥቁሩ ድንጋይ ፀሐይዋን ጠጥቶ ራሱ ይተፋል። 12 ሰዓት አካባቢ ጀንበር ስትጠልቅ ራት በላን፣ ግመሎቹ ፍራሽና ውኃ ተጫኑ፣ ተነሣን። ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል። ዳገቱ ከባድ አይደለም። ከባዱ ጨለማውና ወለሉ ነው። ስለዚህ የግንባር ባትሪ ያዙ፤ በስልክ መብራት አንድ እጅ ይዞ መሄድ አይሆንም፤ ብትወድቁ በሁለቱም እጃችሁ መደገፍ አለባችሁ። ድንጋዩ ስብርባሪ ብርጭቆ ያህል ይቆርጣል። ቀጭን ጓንት ይረዳል። ጫማ ሶሉ ወፍራምና ጣት የሚሸፍን ይሁን፤ አዲስ ከሆነ ቀደም ብላችሁ አለማምዱት። ሰንደል ያደረጉ የአፋር ልጆች ሲሮጡ አይታችሁ አትቅኑ፤ እነሱ እዚያ ነው ያደጉት።

ግማሽ መንገድ ላይ ሰማዩ ከፊታችን ቀልቶ ነበር። ጫፉ ስንደርስ ደግሞ ድምፁ ቀደመ። ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው፣ ግን ከሥሩ ጉርምርምታ አለው። ላቫው ላዩ ጠቁሮ ይጋገራል፣ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ውስጥ ብርቱካናማ መስመር ይሮጣል፣ ከዚያ ቅርፊቱ ተገልብጦ ይሰምጣል። ሙቀቱ ከ1,100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው። ፊታችሁን ይለበልባል፣ ጀርባችሁ ግን በሌሊቱ ነፋስ ይበርዳል። ማንም አላወራም። እኔ አምላኬን አመሰገንኩ፤ ሌላ የምለው አልነበረኝም።

እዚያ ላይ ነው በሕይወቴ ከማልረሳቸው ሰዎች አንዱ ያዳነን። መንገድ መሪያችን በዕድሜ ገፋ ያሉ የአፋር ሰው ነበሩ፤ አባባ ነበር የምንላቸው። አማርኛቸው አጭር ነው። ሁላችንም ስልካችንን አውጥተን እሳቱን ስንቀርጽ እርሳቸው ፊታቸውን ወደ እሳቱ አላዞሩም። የሽርጣቸውን ጫፍ ያዩ ነበር። ጫፉ ወዴት እንደሚነፍስ ነው የሚያዩት። ድንገት ተነሡና «ነፋስ ዞረ፤ ተነሡ» አሉ። አንድ ወጣት «አባባ፣ አንዴ ብቻ፣ ይቺን ልጨርስ» አላቸው። አልመለሱለትም። ክንዱን ይዘው አስነሡት። ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄድን የተቀመጥንበትን ቦታ ነጭ ጢስ አለበሰው። ጠርዙ ብቻ ደርሶን ጉሮሯችን ተቃጠለ፤ ዓይናችን እንባ ሞላ። ልጁ ለረጅም ጊዜ ሲያስል ቆየ። ኋላ እጃቸውን ሳመ።

ያ ጢስ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ አለበት። ዓይንና ሳንባ ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል። ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል። ስለዚህ ለማረፍ ብላችሁ ጎድጓዳ ውስጥ አትቀመጡ፤ ነፋሱ ከጀርባችሁ ወደ እሳቱ የሚሄድበትን ጎን ያዙ። ለኮቪድ የለመድነው ማስክ አቧራ ይቀንስ እንጂ ጋዝ አያቆምም። የአሲድ ጋዝ ማጣሪያ ያለው ማስክ ካገኛችሁ ግዙ። ካላገኛችሁ በውኃ የራሰ ነጠላ ወይም ሻሽ አፍና አፍንጫ ላይ ማድረግ ለማምለጫ ያህል ይረዳል፤ ለመቆየት ግን አይሆንም። አስም ያለበት ሰው አይሂድ። ይህን ሳልሸፋፍን ነው የምናገረው፤ ሐኪም ቤት በሰዓታት ርቀት ነው። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ መነጽር ያዙ።

ሌላው አደጋ ወለሉ ነው። አዲስ የረጋ ላቫ ላዩ ጠንካራ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ባዶ ሊሆን ይችላል። መንገድ መሪያችሁ በረገጠበት ብቻ ርገጡ። ነፋሱ የሚያመጣቸው እንደ ወርቅ የሚያብረቀርቁ ቀጫጭን ክሮችም ታያላችሁ። ላቫው ሲረጭ በአየር ላይ ተስቦ የቀዘቀዘ ብርጭቆ ነው። ያምራል፤ ግን በባዶ እጅ አትዝገኑት፣ ከነካችሁትም በኋላ ዓይናችሁን አትሹ።

በሰመራ በኩል በሄድንበት ጊዜ የገጠመን ሙቀት ነበር። ወሩ ጥር ነው፤ ሰው «ቀዝቃዛ ወቅት» ይለዋል። ለአፋር ቀዝቃዛ ማለት ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ብቻ ሂዱ። ከግንቦት እስከ መስከረም ያለው ለጉብኝት የሚሆን አይደለም። ዳሎል ላይ በ1960ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር የተመዘገበው የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነው፤ ሌሊቱም ቀዝቃዛው ወቅትም ተደምሮ ማለት ነው። አፍዴራ ስንደርስ አንዲት ጓደኛችን ራሷን ያማት ጀመር። ከዚያ አቅለሸለሻት፣ ቀጥሎ ዝም አለች። ያስተዋላት ሾፌሩ ነው። መኪናውን ጥላ አስይዞ አስወረዳት፣ አንገቷና ብብቷ ሥር እርጥብ ጨርቅ አደረገላት፣ ኦ.አር.ኤስ የሚባለውን የጨውና የስኳር ዱቄት በውኃ በጥብጦ በትንሽ በትንሹ አጠጣት። «አላላበኝም እኮ» ስትለው «እህቴ፣ ላቡን ነፋሱ ቀድሞሽ ወሰደው እንጂ ላብ ጠፍቶ አይደለም» አላት። ከሰዓት በኋላ ተሻላት።

ስለዚህ እስኪጠማችሁ አትጠብቁ፤ ሳይጠማችሁ ጠጡ። በቀን ለአንድ ሰው ቢያንስ 5 ሊትር ያዙ፣ ለመኪናው የተለየ። ውኃ ብቻውን አይበቃም፤ ጨው ይጠፋል፣ ኦ.አር.ኤስ በደርዘን ግዙ፣ ርካሽ ነው። ሽንታችሁ ጠቆር ካለ ወደ ኋላ ቀርታችኋል ማለት ነው። አንድ ሰው ንግግሩ ከተምታታ ወይም ከተንገዳገደ ግን ጉዞው እዚያ ላይ አበቃ፤ ወደ ከተማ ነው የሚኬደው። ልብስ ሰፊ፣ ጥጥ፣ እጅጌው ረጅም ይሁን። ሻሽ ለሁሉም ነገር ይሆናል።

ለሴቶች አንድ ነገር ልበል፤ ማንም አይነግራችሁምና። ተራራው ላይ መጸዳጃ የለም፤ ሜዳው ደግሞ ጥላም ቁጥቋጦም የለውም። ረጅም ሰፊ ቀሚስ ወይም ትልቅ ነጠላ መጋረጃ ይሆናችኋል። የወር አበባ ቢመጣም ባይመጣም ሞዴስ ያዙ፣ የተጠቀማችሁበትን የምትመልሱበት ከረጢትም። በረሃ ላይ የተጣለ ነገር አይበሰብስም።

አሁን ያላየሁትን እሳት ለምን እንዳልተቆጨሁበት ልንገራችሁ። ከአፍዴራ ወጥተን ስንሄድ መንገድ መሪያችን ግመል የሚነዳ ሰው አገኘ። መኪናው ቆመ። ሁለቱ ቁጢጥ ብለው ተቀመጡና ረጅም ጊዜ አወሩ። ከእኛ ውስጥ ሰዓት የሚያይ ነበር። ይህ ዳጉ የሚባለው የአፋሮች ወግ ነው። መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ያዩትንና የሰሙትን ሳይለዋወጡ አይተላለፉም፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ ማን ታመመ፣ የትኛው መንገድ ተበላሸ። ያላየውን አየሁ ማለት ትልቅ ነውር ነው። መሪያችን ተመልሶ መጣና እንዲህ አለን፦ «እሳቱ ተሸፍኗል፣ ጢስ ነው። ያኛው መንገድ አሸዋ በልቶታል። በዚህ እንሂድ። ወይስ ትመለሳላችሁ?»

ያ ሰው ዝም ብሎ ሊወስደን ይችል ነበር። ገንዘቡን ያገኛል። እሱ ግን እውነቱን ነገረንና ምርጫውን ለእኛ ተወ። ሄድን። እሳቱ ስላልነበረ ዓይናችን ሌላውን ሁሉ አየ። በብርሃን የረጋው ላቫ እንዴት ተጠማዞ እንደቀረ አየን፤ አንዳንዱ ድንጋይ የእንጀራ ዓይን የመሰለ ቀዳዳ አለው፤ ጋዙ ሲወጣ የቀረ ነው። ስንጥቁ ዳር ቢጫ ድኝ ተለጥፏል። ሌሊት ኮከቡ ለጉድ ነው። እሳቱ ባለበት ሌሊት ይህ ሁሉ አይታይም፤ ዓይን አንድ ቦታ ተተክሎ ያድራል።

መልስ ላይ አፍዴራ ዋሉ። ሐይቁ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ውኃው በፓምፕ እየተሳበ በገበታ ላይ ይደርቃል፤ የኢትዮጵያ ወጥ የሚጣፍጥበት ጨው አብዛኛው ከዚህ ነው። ሠራተኞቹ በዚያ ፀሐይ ሲዝቁ አይቼ ቤቴ ያለውን ጨው በሌላ ዓይን አየሁት። በሰሜን በኩል አሳሌ ላይ ደግሞ አሞሌው አሁንም በመጥረቢያ ይቆረጣል፣ ግመል ይጫናል። እነዚህን ሰዎች ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ። ሥራ ላይ ናቸው፤ ትርዒት አይደሉም። ሕፃናት ባዶ ሃይላንድ ይጠይቋችኋል፤ ውኃ መቅጃ ነው፣ ስጧቸው። አልኮል ይዛችሁ አትሂዱ። በረመዳን ከሄዳችሁ መሪውም ሾፌሩም እየጾሙ እንደሚያገለግሏችሁ አስቡ፤ ቀን ቀን ፊታቸው ላይ ውኃ አትጋቱ፣ ጉዞውንም አቅልሉላቸው።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. የሆነውን ሰምታችኋል። ከኤርታ አሌ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። ከዚያ በፊት መፈንዳቱ ተመዝግቦ አያውቅም። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጣ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ሕንድ ደረሰ፤ በረራዎችም ተሰረዙ። ዓለም ስለ አውሮፕላኖቹ አወራ። አፍዴራ አካባቢ ላለው አርብቶ አደር ግን ጉዳዩ ሣሩ ነው። አመድ የለበሰ ሣር ፍየል አይበላም። የሚራቡት መንገድ ላይ ወተት የሰጡን ሰዎች ከብቶች ናቸው።

ስለዚህ አሁን ለመሄድ የምታስቡ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ሰመራ ባለው የክልሉ ቱሪዝም ቢሮ፣ ከዚያም አፍዴራ ላይ ካለው መንገድ መሪ ዘንድ ጠይቁ። ሁለቱ ከተለያዩ የመሪውን ያዙ። የአውሮፕላን ቲኬታችሁ የሚቀየር ዓይነት ይሁን። ሁለት ትርፍ ቀን ያዙ። እዚያ ስትደርሱ «አይሆንም» ከተባላችሁ ጉቦም ልመናም አትሞክሩ።

እናት አባታችሁን ይዛችሁ መሄድ ለምትፈልጉ፦ እስከ አፍዴራ ውሰዷቸው፤ እዚያ ይቁሙ። አስፋልት ነው፣ ሐይቁ ዳር ፍል ውኃ አለ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ገብተው ቢታጠቡ ደስ ይላቸዋል። እናንተ ተራራውን ደርሳችሁ እስክትመለሱ አብሯቸው የሚቆይ ሰውና አንድ መኪና ተዉላቸው። ኔትወርክ እንደልብ ስለማይገኝ የምትመለሱበትን ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው፤ ከዚያ ሰዓት ካለፋችሁ ለማን እንደሚናገሩም ጨምሩበት።